ከፋሻው በፊት፦ የስኳር ሕመምተኛ እግር ቁስልና ዘመናዊው ሕክምና

በግንቦት 2015 ዓ.ም. የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚያክሙ ባለሙያዎች ከየአገሩ ተጠራርተው በኔዘርላንድስ ዘ ሄግ ከተማ ተሰብስበው ነበር። በየአራት ዓመቱ በሚካሄደው በዚህ ጉባኤ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም እግር የሥራ ቡድን የታደሰ መመሪያውን ይፋ አደረገ። ከምዕራፎቹ አንዱ ስለ ቁስል ማዳኛ ዘዴዎች ነው። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ሲወደስ አነባለሁ ብሎ የገባ ሰው እዚያ ግራ ይጋባል። ብር ያለበት ፋሻ ቁስል እንዲያድንላችሁ ብላችሁ አትጠቀሙ፤ ማርም እንዲሁ፤ ኮላጅንም፣ ከባሕር አረም የሚሠራውም ፋሻ ቢሆን ለዚሁ ብላችሁ አትምረጡ፤ ኦዞን፣ መግነጢስ፣ ኤሌክትሪክ፣ አልትራሳውንድ ይቅርባችሁ ይላል። ከምክሮቹ የሚበዙት ክልከላዎች ናቸው።

አብዛኞቹ ዘዴዎች የተከለከሉት ጉዳት አድርሰው አይደለም። በደንብ በተሠሩ ጥናቶች ሲፈተሹ ከተራው ፋሻ የተሻለ ውጤት ማሳየት ስላልቻሉ ነው። በሻጭ የተጨናነቀ ገበያ ውስጥ ባለሙያዎች ራሳቸው ወጥተው «ይህ አይረባም፣ ያም አልተረጋገጠም» ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም። እንደ እኛ ላለ፣ አንዱን ብር ሁለት ቦታ ማዋል ለማይችል አገር ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይጠቅማል። የሕክምናው ዋና አካል ውድ ካልሆነ «ገንዘብ የለንም» የሚለው ምክንያታችን እንደገና መፈተሽ አለበትና።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በዚህ ቁስል ሕክምና ላይ በማስረጃ ጸንተው የቆሙት ነገሮች አራት ናቸው፤ ጫናውን ከእግር ላይ ማንሳት፣ የሞተውን ሥጋ መቁረጥ፣ ደም መድረሱን ማረጋገጥ፣ ኢንፌክሽንን በጊዜ ማከም። ፋሻ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። በብዙ የቁስል ማሰሪያ ክፍሎቻችን ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

የማያምም ቁስል

አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር እናስብ። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ 15 ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን ያቃጥላቸው ነበር፤ ከዚያ ማቃጠሉ ተወና «ተሻለኝ» አሉ። የተሻላቸው ግን አልነበረም። ነርቩ ስለሞተ ማቃጠሉም አብሮ ቀረ። አንድ ቀን ልጃቸው ወለሉ ላይ የደም ምልክት አይታ ተከትላ ስትመጣ የአባቷ አውራ ጣት ሥር ቁስል አገኘች። እርሳቸው ምንም አልተሰማቸውም፤ በቁስሉ ላይ ስንት ቀን እንደተራመዱም አያውቁም።

በደም ውስጥ ለረጅም ዓመታት የቆየ ስኳር በእግር ነርቮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሦስት መልክ አለው። ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ሲጎዱ ሕመም ይጠፋል፤ ምስማርም ፍምም ጠባብ ጫማም እኩል ይሆናሉ። ጡንቻ የሚያዙት ሲጎዱ ጣቶች እንደ ጥፍር ይቆለመማሉ፣ የእግር ቅርጽ ይለወጣል፣ የሰውነት ክብደት ቀድሞ ባልነበረበት ነጥብ ላይ ያርፋል። ላብ የሚቆጣጠሩት ሲጎዱ ደግሞ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ክብደት የበዛበት ቦታ መጅ ያወጣል። መጁ ራሱ ጠንካራ ስለሆነ ሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫናል፤ ከላይ ቆዳው ደኅና መስሎ ከሥር ሥጋው ይደማል፣ ይሞታል። ቁስሉ ወደ ውጭ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። አርምስትሮንግ፣ ቦልተንና ባስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ መሠረት፣ ከስኳር ሕመምተኞች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁስል ያገኛቸዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን የ2021 እ.ኤ.አ. ግምት ከስኳር ጋር የሚኖሩ አዋቂዎችን ቁጥር ወደ 2 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ወደፊት የሚጠብቀንን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻውም።

ጫናውን ማንሳት

ሾፌሩ ጤና ጣቢያ ሄዱ እንበል። ቁስላቸው ይታጠባል፣ በጎዝ ይታሸጋል፣ በፋሻ ይታሰራል፤ በየሁለት ቀኑ እንዲመለሱ ይነገራቸዋል። የመጡበትን ያንኑ ጫማ አጥልቀው፣ በዚያው ቁስል ላይ እየተራመዱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ መላ ክብደታቸው ለመዳን በሚታገለው ሥጋ ላይ ያርፋል። በዚህ ሁኔታ ፋሻ መለዋወጥ፣ ፋሻው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው።

የዘ ሄጉ መመሪያ በውስጥ እግር ላይ ላለ ቁስል አጥብቆ የሚመክረው የመጀመሪያ ሕክምና እስከ ጉልበት የሚደርስና ታማሚው ራሱ ሊያወልቀው የማይችል ጫና ማንሻ ነው። ይህ በፋብሪካ የተሠራ ጫማ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውና ጥንታዊው ግን ጄሶ ነው። ጄሶው ከእግሩ ቅርጽ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ክብደቱን ከአንዲት ነጥብ ወስዶ በመላው ውስጥ እግርና በባት ላይ ያከፋፍለዋል።

አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ታማሚዎችን በሦስት ከፍለው ለ12 ሳምንታት ተከታተሉ። ጄሶ ከተደረገላቸው 89.5 በመቶው ዳኑ። ሊወልቅ የሚችል ረጅም ጫማ ከተሰጣቸው የዳኑት 65 በመቶ፣ ግማሽ ጫማ ካደረጉት ደግሞ 58.3 በመቶ ነበሩ። ጄሶውና ረጅሙ ጫማ ጫናን በማንሳት ረገድ እምብዛም አይበላለጡም፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ጥናት ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በታማሚዎቹ ወገብና በጫማው ላይ የእርምጃ መቁጠሪያ አኑረው ሲያስተያዩ፣ ሰዎቹ ጫማውን አጥልቀው የተራመዱት ከዕለት እርምጃቸው 28 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቤት ሲገቡ ያወልቁታል፤ ሽንት ቤት፣ ወጥ ቤት፣ በር ለመክፈት ያለሱ ይሄዳሉ። በሽተኛው ግትር ስለሆነ አይደለም። የማያምም እግር ጠባቂ የለውም፤ «አትርገጥ» የሚል ውስጣዊ ድምፅ ስለጠፋ ሰውየው ይረሳል። ከዚህ የተነሳ የሚወልቀውን ጫማ በጄሶ ወይም በሚጣበቅ ፋሻ ዙሪያውን ጠቅልሎ የማይወልቅ ማድረግ ራሱን የቻለ ዘዴ ሆኗል።

ይህ ዕውቀት የተወለደው በስኳር ሕመም ክሊኒክ ውስጥ አይደለም፤ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ልጅ ነው። የደነዘዘን እግር በጄሶ ማከም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በህንድና በሴሎን የተጀመረ ሲሆን፣ በህንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ አዳብሮት በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ወደነበረው የካርቪል ሆስፒታል ይዞት ሄደ። ብራንድ ያስተማረው ትልቁ ነገር የሥጋ ደዌ ታማሚ ጣትና እግር በራሱ የሚረግፍ አለመሆኑን ነው። እግሩን የሚጨርሰው ሕመም አልባ ሆኖ ሳይጠበቅ መዋሉ ነው። የስኳር ሐኪሞች ይህን ትምህርት የወረሱት ከእርሱና ከመሰሎቹ ነው።

ጄሶ ለሁሉም አይሆንም። እግሩ ደም በጣም ካነሰው ወይም ኢንፌክሽኑ ከበረታ ጄሶ ውስጥ መዝጋት እግሩን መቅበር ሊሆን ይችላል። በደንብ ያልተሠራ ጄሶም አዲስ ቁስል ያወጣል። ስለዚህ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት እየተቀየረም ከሥሩ መታየት አለበት። ጄሶው ካልተቻለ መመሪያው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወልቅ ጫና ማንሻ፣ እርሱም ከሌለ ልክ የሆነ ጫማ ውስጥ በቁስሉ ዙሪያ የተቆረጠ ወፍራም ለስላሳ ንጣፍ ማጣበቅ። ይህ የመጨረሻው መቀስና ማጣበቂያ ብቻ ይጠይቃል።

ቢላዋ፣ ደም፣ አጥንት

ሁለተኛው ሥራ መቁረጥ ነው። ቁስሉን የከበበውን መጅና የሞተ ሥጋ በቢላዋ እስከ ጤነኛው ድረስ መላጥ የመመሪያው ሌላ ጠንካራ ምክር ነው። ቅርብ ሆኖ ላየው ሥራው ያስደነግጣል። ከላይ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ትታያለች። ነርሷ ዙሪያውን የከበበውን ቢጫ መጅ በስስ በስሱ መላጥ ስትጀምር ጠርዙ ከሥሩ ተነጥሎ ይገኛል፤ ስታነሳው የታመቀ ፈሳሽ ይወጣል፤ ጨርሳ ስታጸዳው ቁስሉ ሲገባ ከነበረው ሦስት አራት እጥፍ ይሰፋል። ቤተሰብ «ባሰበት» ብሎ ይደነግጣል። የባሰበት ነገር የለም፤ የቁስሉ እውነተኛ ስፋት የታየው ገና አሁን ነው። ታማሚው ደግሞ በዚህ ሁሉ መሐል ዝም ብሎ ይጨዋወታል፤ አለማመሙ ራሱ ምርመራ ነው።

ከዚያ ነርሷ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ንጹሕ የብረት መመርመሪያ ወደ ቁስሉ ወለል ታስገባለች። ጠንካራና ሻካራ ነገር ከነካ አጥንት ነው። ግሬይሰንና ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ይህ ቀላል ፍተሻ ዛሬም ከራጅና ከደም ምርመራ ጋር ተዳምሮ አጥንት መመረዙን ለማወቅ ይጠቅማል። ውሳኔው በዚያች ቅጽበት ይለወጣል፤ የአጥንት ኢንፌክሽን አጥንቱ ካልተቆረጠ ለ6 ሳምንታት ያህል አንቲባዮቲክ ይጠይቃል፤ የሥጋ ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃል። ኢንፌክሽን የሌለበት ቁስል አንቲባዮቲክ ጨርሶ አያስፈልገውም። መቅላት፣ እብጠት፣ ሙቀት፣ መግል ሳይታይ ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል እየገዙ ለወራት መዋጥ ቁስሉን አያድንም፤ መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ግን ያፈራል። በተቃራኒው እግር በድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሰውየው ብርድ ብርድ ካለው ቀናት መቁጠር የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት።

ሦስተኛው ደም ነው። ደም የማይደርሰውን ቁስል የትኛውም ፋሻ አያድነውም። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ከ50 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ የአውራ ጣት ደግሞ ከ30 ሲወርድ የደም ሥር ሐኪም በአስቸኳይ ማየት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የስኳር ሕመምተኛ የደም ሥር ግድግዳ ስለሚደነድን ቁርጭምጭሚት ላይ የሚለካው ግፊት ከእውነቱ በላይ ሊያሳይና «ደኅና ነው» ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህም የጣት ልኬት የተሻለ እውነት ይናገራል። ይህ የእኛ ትልቁ ክፍተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተዘጋ ደም ሥር የሚከፍቱ ቀዶ ሐኪሞች በአገሪቱ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች ነው። ጄሶና ቢላዋ በወረዳ ደረጃ ሊደራጁ ይችላሉ፤ የደም ሥር ሕክምና ግን ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠናና መሣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ማን ሪፈር መባል እንዳለበት ቶሎ መለየት ነው።

አዳዲሶቹ ዘዴዎች የት ይገባሉ?

ይህን ሁሉ ስል ዘመናዊው የቁስል ሕክምና ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን የያዘ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ቆዳ እንደሚያበቅል አሳየ። «ቁስል ይናፈስ፣ ይድረቅ» የሚለው የቆየ እምነት የተናጋው ከዚያ ወዲህ ነው። የዛሬ ፋሻ ዋና ሥራ ከዚህ የተነሳ ግልጽ ነው፤ ትርፍ ፈሳሽ መምጠጥ፣ እርጥበት መጠበቅ፣ ሲነሳ ሥጋ አለመንጨት። ይህን የሚያደርግ ርካሽ ፋሻ ከተገኘ ውዱን መፈለግ አያስፈልግም።

ከዚህ በላይ የሚሄዱ ጥቂት ዘዴዎች ማጣሪያውን አልፈዋል። ሱክሮዝ ኦክታሰልፌት የያዘ ፋሻ በአምስት የአውሮፓ አገሮች በ240 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ20 ሳምንታት ውስጥ 48 በመቶው ዳኑ፤ ያለዚህ ንጥረ ነገር በተሠራው ተመሳሳይ ፋሻ ግን 30 በመቶ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ፣ በዴንማርክና በስዊድን የተደረገ ሌላ ጥናት ከታማሚው ከራሱ ደም የተሠራ ቁራጭ በየሳምንቱ ቁስሉ ላይ ማድረግ የሚድኑትን ከ22 ወደ 34 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳየ። ቁስልን በስፖንጅ ሞልቶ፣ በፕላስቲክ አሽጎ በሞተር የሚመጥጠው ዘዴም ቦታ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የእግራቸው ከፊል ከተቆረጠ 162 ሰዎች መካከል በዚህ ዘዴ የታከሙት 56 በመቶ፣ በተለመደው የታከሙት 39 በመቶ ድነዋል። መመሪያው ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚቀር ቁስል ብቻ ይደግፈዋል፤ ቀዶ ላልተደረገበት ተራ ቁስል አይመክረውም። ግፊት ባለው ክፍል ኦክስጅን መተንፈስም በአንዳንድ ጥናት ረድቷል፣ በሌላው አልረዳም፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልዳነ ሰው ብቻ በቅድመ ሁኔታ ይታያል።

እነዚህን ቁጥሮች በጥሞና ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ምርጥ የተባለው ፋሻ ከመቶ 18 ሰው ጨመረ። ጄሶው ደግሞ ከግማሽ ጫማው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 31 ሰው ጨመረ። ጥናቶቹ የተለያዩ ታማሚዎችን ስለያዙ በቀጥታ አይመዛዘኑም፤ በተለይ ፋሻው የተሞከረው ደም ባነሳቸው፣ ለመዳን በሚያስቸግሩ ቁስሎች ላይ ነው። አቅጣጫው ግን አይሰወርም። ከዚህ ሌላ በፋሻው ጥናት የተካተቱት ሰዎች ሁሉ ጫናው የተነሳላቸውና መልካም መሠረታዊ ክትትል የነበራቸው ናቸው። አዲሱ ዘዴ የተለካው በዚህ መሠረት ላይ ተጨምሮ ነው፤ መሠረቱ በሌለበት ቦታ ያው ውጤት ይገኛል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ዘዴ መቀየር የሚገባው መቼ ነው ለሚለውም ቀላል መለኪያ አለ። ሺሃንና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በ4 ሳምንታት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያልቀነሰ ቁስል በ12 ሳምንታት የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቁስሉን በማስመሪያ ወይም በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በመገልበጥ መለካትና በካርዱ ላይ መጻፍ ግዴታ መሆን አለበት። ካልተለካ ግን «እየተሻለው ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ።

እኛ ጋ ያለው ዕውቀት

የደነዘዘ እግርን መንከባከብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የተቋቋመው አለርት ለአሥርት ዓመታት ስሜት ያጡ እግሮችን ሲያክም፣ በራሱ ወርክሾፕ ለስላሳ ንጣፍ ያለው ጫማ ሲሠራ ኖሯል። በቢሲዲሞና በቦሩ ሜዳም የሥጋ ደዌ ሕክምና ረጅም ታሪክ አለው። በአለርት ድጋፍ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በየመንደሩ የተቋቋሙ የራስ እንክብካቤ ቡድኖች አባሎቻቸው እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ፣ እንዲዘፈዝፉ፣ እንዲቀቡ፣ መጁን እንዲሞርዱ፣ ቁስሉን እንዲያሳርፉ ያስተማሩ ናቸው። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሰጠው ትምህርትም በአብዛኛው ከዚህ አይለይም፤ መዘፍዘፉ ብቻ ይቀራል። ለእርሱ ቶሎ መታጠብና በደንብ መድረቅ ነው የሚሻለው።

ሌላው ዝሆኔ ነው። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመኖር የሚመጣውን ይህን በሽታ በወላይታና በሌሎችም አካባቢዎች በሳሙና እጥበት፣ በቅባትና በጫማ ሲከላከሉት ኖረዋል። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ይህ ቀላል እንክብካቤ የሚያሠቃየውን የእግር ግርሻ እንደሚቀንስ በማስረጃ አረጋግጧል። ችግሩ እነዚህ ሁለት ሙያዎች ከስኳር ክሊኒኩ ጋር አለመገናኘታቸው ነው። አንዱ በቆዳ ሕክምና፣ ሌላው በትኩረት በሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች፣ ሦስተኛው በውስጥ ደዌ ሥር ተመድቦ ሁሉም በየመዝገቡ ይሠራል። እግሩ ግን አንድ ነው።

ምክሩም ቢሆን ኑሯችንን ማወቅ አለበት። «በባዶ እግር አይሂዱ» ተብሎ የተላከ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። መስጊድ የሚሄደው በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ታጥቦ ይቆማል። ሁለቱንም «ተዉ» ማለት አይሠራም፤ አያስፈልግምም። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ አድርጎ መግባት፣ ጥላ ሥር መቆም፣ ከውዱእ ትጥበት በኋላ በጣቶች መሐል ያለውን ውኃ በፎጣ ማድረቅ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ እግርን ማየት በቂ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው በየቤቱ የተለመደው በሙቅ ውኃና በጨው መዘፍዘፍ ነው። የደነዘዘ እግር ውኃው እንደሚያቃጥል አይነግርም፤ ብዙ ሰው ድካም ሊያወጣ ገብቶ ቆዳው ተገሽልጦ ይወጣል። ብርድ ሲሆን እግርን ወደ ፍም ማስጠጋትም እንዲሁ ነው። ማርን በተመለከተ ደግሞ አያቶቻችን ለቁስል ማዋላቸው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ጀርም የመከላከል ባሕርይ አለው። ለስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ግን ከተራው ፋሻ እንደሚበልጥ አላሳየም፤ ዋናው ጉዳቱም ማር ቀብቶ ቤት መቀመጡ ሆስፒታል መሄጃውን ጊዜ መብላቱ ነው።

ማደራጀት ራሱ ሕክምና ነው

በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል በ1981 እ.ኤ.አ. ሐኪሙን፣ የእግር ባለሙያውን፣ ነርሷን፣ ጫማ ሠሪውንና ቀዶ ሐኪሙን አንድ ክፍል ውስጥ ያሰባሰበ ክሊኒክ ከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደረግ እግር ቆረጣ በግማሽ ገደማ ወረደ። የተጨመረ ተአምረኛ መድኃኒት አልነበረም። በ1989 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አገሮች በጣሊያን ሴንት ቪንሰንት ተሰብስበው ቆረጣን በአምስት ዓመት በግማሽ እንቀንስ ብለው ቃል የገቡት እንዲህ ያለውን ልምድ አይተው ነው። ቃሉ በጊዜው ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም፤ ክሊኒኩን የተከለ አገር ግን ተጠቅሟል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ታንዛኒያ ነው። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በዳሬሰላም የተጀመረው «ደረጃ በደረጃ» የተሰኘ መርሐ ግብር ከየክልሉ አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ ጥንድ አድርጎ እያሠለጠነ፣ መሠረታዊ መሣሪያ አስይዞ ወደየመጡበት መልሷል። ጥንዶቹ የሌላውን ሥራ እያዩ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። የእግር ሐኪም የሚባል ሙያ ገና ባልተለመደበት አገር ነርስን በዚህ መልክ ማብቃት ከሁሉ የቀረበ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ከዚህ መጀመር ያለበት ሥራ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በስኳር ክሊኒክ ቀጠሮ ሁሉ ጫማ ይውለቅ። ሐኪሙ ደም ስኳርን በወረቀት አይቶ ሲያሰናብት፣ ጫማው ውስጥ ያለውን ማንም አያይም። የስሜት ፍተሻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሁለቱን እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በጣት ጫፍ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቀስ ብሎ መንካት፣ ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው። በእንግሊዝ ኢፕስዊች ከተማ የተዘጋጀውን ይህን ፍተሻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የቤተሰብ አባልም ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛ፣ በየሆስፒታሉ ስብራት የሚያክም የጄሶ ክፍል አለ፤ ባለሙያዎቹ ለደነዘዘ እግር የሚሆነውን ጄሶ እንዲሠለጥኑ ማድረግ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። አለርት ለዚህ ተፈጥሯዊ ማሠልጠኛ ነው። ሦስተኛ፣ ቁስል ይለካ፤ በአራት ሳምንት ያልቀነሰ ወደ ላይ ይላክ። አራተኛ፣ ያበጠና የሞቀ ነገር ግን ቁስል የሌለው እግር ሲመጣ አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጥቶ መመለስ ይብቃ፤ አጥንቱ እየፈረሰ ያለ ሊሆን ይችላልና በጄሶ ማሳረፍ ይገባዋል።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጫማ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 40 ሰው፣ በአምስት ዓመት ደግሞ 65 ሰው ይመለስበታል። ሾፌሩ ጄሶው ወልቆላቸው ቆዳቸው ቢዘጋ ወደዚያው ጠባብ ጫማ ወይም ወደ ሸበጡ ከተመለሱ፣ ሕክምናው ያስገኘው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ለስላሳ ንጣፍ ያለው ጫማ ለእርሳቸው እንደ ኢንሱሊኑ መድኃኒት ነው፤ በየማለዳውም ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን ከተው ጠጠርና ምስማር መፈተሽ አለባቸው። የአገር ውስጥ ቆዳ ፋብሪካና የአለርት ወርክሾፕ ልምድ ባለበት አገር ይህ ጫማ ከውጭ የሚጠበቅ ዕቃ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ውል ሲያሰላ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «የትኛውን ዘመናዊ ፋሻ እናስመጣ?» የሚለው አይደለም። እግር ለመቁረጥ የሚወጣው ወጪ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ሠራሽ እግር፣ ሥራ ያጣ ቤተሰብ ኪሳራ በአንድ ወገን ይቀመጥ፤ በሌላው ደግሞ የጄሶ፣ የቢላዋ፣ የአንድ ነርስ ሥልጠናና የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ። መድኅኑ ከሁለቱ አንዱን መክፈሉ አይቀርም። መጀመሪያ ጫማውንና ጄሶውን ከከፈለ ሁለተኛውን ሂሳብ የሚያየው እየቀነሰ ነው፤ እያንዳንዱ ሆስፒታልም በየዓመቱ ስንት እግር እንደ ቆረጠ ቆጥሮ በይፋ ሲያሳውቅ፣ መቀነሱን ሁላችንም እናውቃለን።